የብርቄ ሳልና የአባቴ ድግስ

ባለፈው ኅዳር ከዊንጌት ታክሲ ማቆሚያ ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ መንገድ ሳልፍ አዲስ የተፈጨ ጤፍ ሸተተኝ። ብዙ ጊዜ የምመላለስባት መንገድ ናት፤ ሞባይል የሚጠግኑ ልጆች፣ ጁስ ቤት፣ የተማሪ ደንብ ልብስ የሚሰፋ ሰውዬ ተደርድረውባታል። ወፍጮ ቤት መኖሩን ግን ልብ ብዬው አላውቅም። ዱቄት ከሱፐርማርኬት ታሽጎ መግዛት ከጀመርኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። የታሸገ ዱቄት ሽታ የለውም። አሁን ከድንጋዩ ሥር የወጣ ትኩስ ዱቄት ግን ሞቅ ያለ፣ ትንሽ እንደ ማረር የሚለው፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ አለው። ቆምኩ። ውስጥ ሞተሩ ያጓራል፤ በሩ ላይ ሴቶች የሚፈጨውን እህል፣ ድውራቸውን፣ በየፌስታሉና በየከረጢቱ ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። አንዷ ስትስል ሰማኋት። ደረቅ ሳል ነው፤ ቶሎ የሚጀምር፣ ቶሎ የማያልቅ። ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ አለቀስኩ። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት በጁስ ቤት በር ላይ ቆማ ስታለቅስ መታየቷ ጥሩ አይደለም፤ ግን አለቀስኩ።

አባቴ አቶ ዘለቀ ባለ ወፍጮ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ከቁስቋም ዳገት ሥር፣ ጋሪዎች የሚቆሙበት ማዕዘን ላይ ነበር፤ ዛሬ ቦታው ላይ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ቆሞበታል። ያኔ ጉለሌ ከተማም ነበረች፣ ገጠርም ነበረች። ከላይ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ፣ ከታች የፋብሪካ ፊሽካ፤ በጭቃ የተመረገ ጎጆና እንደኛ ያለ በረንዳ ያለው ቤት በአንድ አጥር የሚዋሰኑበት ሰፈር ነው። በስሙኒ ታክሲ ይኬድ ነበር፤ በአሥር ሳንቲም የሚገዛው ዳቦ ለሁለት ልጅ ይበቃል። ቴትሮን ሱሪ የለበሰ ጎረምሳ ጭቃውን በጫማው ጫፍ እየመረጠ ሲሻገር ወፍጮ ቤቱ በር ላይ የተቀመጡት ሴቶች ይስቁበታል። ከወፍጮው አጠገብ የጋሽ ሸምሱ ሱቅ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ከወሎ የመጣ፣ ስኳር፣ ላምባና ክብሪት የሚሸጥ ለስላሳ ሰው ነው። የሱቁ ራዲዮ ተዘግቶ አያውቅም፤ የክራር ዘፈን ሲመጣ ለኛ ብሎ ድምፁን ከፍ ያደርገው ነበር። ሞተራችንን የሚያሸንፍ ዘፈን ግን አልነበረም። አባባ ግራጫ ሱፍ ልብሱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ብቅ ይላል፤ ወደ ውስጥ ግን ብዙ አይዘልቅም፤ ልብሱ ይበላሻል።

ውስጥ ያለችው ብርቄ ናት። ባሏ ሞቶባት፣ ልጅም ሳይኖራት፣ ከመንዝ ወደ አዲስ አበባ መጥታ ወፍጮ ቤታችን የገባችው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። እህሉን ትመዝናለች፣ ከላይ ትገለብጣለች፣ ከሥር የሚወርደውን ዱቄት በጆንያ ትቀበላለች፤ የቤታችንን ዱቄት ደግሞ በወንፊት ትነፋለች። ቤቱ መስኮት አልነበረውም። ዱቄት በነፋስ እንዳይባክን ብሎ መስኮቱን ያስደፈነው አባባ ነው። ብርቄ ጠዋት ጥቁር ሆና ትገባለች፣ ማታ ነጭ ሆና ትወጣለች። ሽፋሽፍቷ ሳይቀር ነጭ ይሆናል። ልጅ ሆኜ "ብርቄ፣ አረጀሽ እኮ" ስላት፣ "አዎ ሙልዬ፣ ነገ ጠዋት ደግሞ ልጅ እሆናለሁ" ትለኝ ነበር። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስትስል ጀርባዋ ላይ ሆኜ እንቀጠቀጥ ነበር፤ ጨዋታ ይመስለኝና እስቃለሁ። ሰው ስለ ሳሏ ሲጠይቃት መልሷ አንድ ነው፤ "ዱቄት እኮ ነው። ዱቄት ምግብ አይደል? ምግብ ሰው ይገድላል?"

አባባን ክፉ ሰው ነበር ብዬ ብናገር ሐሰት ይሆንብኛል። ለጋስ ነበር። ለብርቄ ለፋሲካ ቀሚስ፣ ለእንቁጣጣሽ ነጠላ፣ ለገና ሥጋ ከቤታችን ይሄድላታል። ሳሏ ሲበረታ ማር ይልክላትና "በትኩስ ወተት ጠጪው" ይላታል። ደሞዟን አስቀርቶባት አያውቅም። ለቤተ ክርስቲያን የተጠየቀውን ሁሉ ይሰጣል፤ ያልተጠየቀውንም ይሰጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለት ነበረበት፤ ኅዳር ቁስቋም በመጣ ቁጥር ነዳያን ያበላል። ሰፈሩ ሁሉ "የአቶ ዘለቀ ቁስቋም" ነበር የሚለው፤ በዓሉ የእመቤታችን መሆኑ የሚረሳ እስኪመስል ድረስ።

የምናገረው የመጨረሻው ትልቅ ድግስ የተደገሰበትን ዓመት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። አባባ በዚያ ዓመት ለቁስቋም ማርያም ቀይ ምንጣፍ ገዝቶ አስገብቶ ነበር፤ ጠዋት ከቅዳሴ ስንወጣ ሰው ሁሉ እጅ እየነሣው አለፈ። ግቢያችን ውስጥ ሦስት ዓይነት ድግስ ነበር። ሳሎን ውስጥ ለካህናቱ፣ ለነጋዴዎቹና ለመንግሥት ሰዎች ጥሬ ሥጋና ጠጅ። በረንዳው ላይ ለጎረቤት ጥብስና ጠላ። በአጥሩ ሥር በተጣለው ዳስ ለነዳያን የአጥንት ወጥ። ይህ ያኔ ለማናችንም እንግዳ አልነበረም። እኔ ነጭ ናይለን ቀሚስ ከዳንቴል ጋር፣ ነጭ ካልሲና ቀይ ሪባን አድርጌ በቅርጫት ዳቦ አድላለሁ። ከፒያሳ የመጣ ፎቶ አንሺ አንዲት አሮጊት ፊት አቆመኝና ዳቦውን ዘርግቼ እንድቆይ ነገረኝ። አሮጊቷን "እማማ፣ ወደዚህ ይመልከቱ" ብሎ ለመናት። እሷ ዳቦውን ተቀበለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። እኔ ቀና ብዬ ፈገግ ብያለሁ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ጥሩ ልጅ መሆን ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው ብዬ ነበር።

ብርቄ ለዚያ ድግስ የሚሆነውን እህል ሁሉ ስትፈጭ ሳምንታት ከርማለች። የደንበኛው ድውር ካለቀ በኋላ የኛ ይቀጥላል። በበዓሉ ቀን ደግሞ ማስተናገድ አለባት ተብሎ አዲስ ነጠላዋን ለብሳ መጣች። ከአንዲት ጎረቤት ጋር ትልቁን የወጥ ድስት ይዘው ከማድ ቤት ወደ ዳሱ ሲያመጡ ሳሉ መጣባት። አንድ እጇን ወደ አፏ ወሰደች። ድስቱ አዘነበለ፤ እሷም አብራ ወደቀች፤ ወጡ መሬት ላይ ፈሰሰ። አባባ በረንዳው ላይ ቆሞ እንግዳ ያነጋግር ነበር። ዞር ብሎ አየና "ወጡን! ወጡን ያዙት!" ብሎ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ ነው የብርቄን ነጠላ ያየው። ጥለቱ ላይ ደም ነበር። አንዳንድ ነዳያን ከአፈሩ ላይ አጥንት ሲለቅሙ፣ ሌሎቹ እሷን ቀና ለማድረግ ሲታገሉ ትዝ ይለኛል። አባባ ከበረንዳው ወርዶ እላይዋ ላይ ቆመ። ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። ጋሽ ሸምሱ ጎረቤት ስለሆነ ተጠርቶ መጥቶ ነበር፤ ሱቁ ደጃፍ የቆመች አሮጌ ፊያት ነበረችው። ክንዷን ትከሻው ላይ አድርጎ አነሣትና፣

"ጋሼ ዘለቀ፣ እርስዎ እንግዳዎን ያስተናግዱ። እኔ ሆስፒታል አደርሳታለሁ" አለ።

አባባ፣ "አይ፣ እኔ ነኝ መሄድ ያለብኝ" አለ፤ ግን ሲናገር ወደ ሳሎኑ እያየ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ጋሽ ሸምሱ መልሱን አልጠበቀም። ጋሽ ሸምሱ ክፋት አስቦ አልነበረም የተናገረው፤ አባባ ግን ካረጀ በኋላ ሳይቀር "‘እንግዳዎን ያስተናግዱ’ ብሎኝ እኮ እሺ ብዬ ቀረሁ" ይል ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ሳምባዋ በብዙ ዓመት ብናኝ ተጎድቷል፣ በዚያ ላይ የሳምባ ነቀርሳ ይዟታል አለ። መድኃኒት ይጀመርላታል፤ እንደ ድሮዋ ግን አትሆንም። ለምን ቀደም ብላ እንዳልመጣች ሲጠይቃት፣ ድግስ ደርሶ ስለ ነበር ነው አለችው። ይህን ለአባባ የነገረው ጋሽ ሸምሱ ነው። አባባ በማግስቱ ወደ ንስሐ አባታችን ወደ አባ ወልደ ሰንበት ሄደ። አባ ወልደ ሰንበት ቀጭን፣ ትንሽ የሚጣደፉ፣ ለሀብታምና ለድሃ አንድ ዓይነት ቁጣ ያላቸው ሽማግሌ ነበሩ። በመካከላቸው የተነገረውን አባባ ራሱ ነው ካደግኩ በኋላ የነገረኝ።

"አባ፣ ቀኖና ይስጡኝ" አላቸው። "የፈለጉትን ያህል ልስገድ። የፈለጉትን ያህል ልስጥ።"

"ስግደት አይከብድህም፤ ጉልበትህ ደህና ነው" አሉት። "መስጠትም አይከብድህም፤ ስትሰጥ ሰው ያይሃል። ምንጣፍህን ዛሬ ጠዋት ረግጬዋለሁ፤ ለእግር ይመቻል። እመቤታችን ግን ቁስቋም የደረሰችው ልጇን አዝላ፣ እግሯ ቆስሎ፣ ሰው በር እየዘጋባት ነው። የጠየቀችው ምንጣፍ አይደለም፤ የሚጠጣ ውሃ ነው። በበዓሏ ቀን በግቢህ ወድቃ አየሃት። ምን አልክ?"

አባ ወልደ ሰንበት ቀጠሉ።

"እንግዲህ የነቢያት ጾም ሊገባ ነው። ጾሙ እስኪፈታ ወፍጮ ቤትህ ግባ። ብርቄ በተቀመጠችበት ተቀመጥ፤ የሠራችውን አንተም ሥራ። ሌላ ቀኖና የለኝም።"

አባባ ገባ። ሱፍ ልብሱን አውልቆ፣ አሮጌ ካፖርትና ሸራ ጫማ አድርጎ ጠዋት ከቤት ሲወጣ እናቴ በመስኮት እያየች "ሰው ምን ይላል?" ትል ነበር። ሰው ብዙ ነገር አለ። ከሰረ አሉ፤ አበደ አሉ፤ ተሳለ አሉ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በበሩ እሾልክና አየዋለሁ። ጆንያ ሲያነሣ ወገቡን ይይዛል፤ ሲያነጥስ ዓይኑ ይፈስሳል። ገና የመጀመሪያው ሳምንት ሳያልቅ እሱም መሳል ጀመረ። ማታ እቤት ገብቶ ፊቱን ሲታጠብ የሚወርደው ውሃ ሊጥ ይመስል ነበር። እናቴ ማር በወተት አምጥታ ስትሰጠው ብርጭቆውን ብዙ ጊዜ አየውና ሳይጠጣው አስቀመጠው።

በዚያ ጾም ውስጥ የሆነውን አንድ ነገር ደጋግሞ ይናገረው ነበር። አንዲት ሴት በጣሳ እህል ይዛ መጥታ ከበሩ ውጭ ትቆማለች። ሌሎቹ ፈጭተው ይሄዳሉ፤ እሷ አትገባም። አባባ ጠራት።

"ለምን ቆምሽ? ተራሽ እኮ አልፏል።"

"አይ፣ የኔ ትንሽ ናት። ከቁና በታች አይፈጭም" አለችው። "ሌላ ሴት እስክትመጣና እስክንደባለቅ እጠብቃለሁ።"

"ማነው አይፈጭም ያለው?"

"ጌታው ናቸዋ። እዚህ እንኳ አይመጡም አሉ፤ ግን ደንቡ የሳቸው ነው።"

ደንቡን በእርግጥም ያወጣው አባባ ነው። ለትንሽ እህል ሞተር ማስነሣት ኪሳራ ነው ብሎ ነበር። ከፊቷ የቆመው ዱቄት የለበሰ ሰውዬ ማን መሆኑን አላወቀችም።

"ጌታውን አውቀዋለሁ" አላት። "አምጪው።"

ፈጨላትና ሄደች። አባባ ይህን ሲናገር እንደ ደግ ሥራ አድርጎ አልነበረም። "ምንጣፉን የገዛሁት እንዲህ ያሉትን ሴቶች በር ላይ በሚያቆም ደንብ ባተረፍኩት ነው" ይል ነበር። "የነሱን ወስጄ ለማርያም ሰጠኋት፤ እሷም አልጠየቀችኝም።"

ጾሙ ሳይፈታ ብርቄን ሊጠይቅ ሄደ፤ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ከዚያ በፊትም ሆስፒታል እየሄደ የሚከፈለውን ከፍሏል፣ ብርቱካንና ወተት አድርሷል፤ ግን በር ላይ ለነርሶቹ ሰጥቶ ነበር የሚመለሰው። በዚያ ቀን ገባ። ብርቄ በነጭ አንሶላ ውስጥ በጣም ትንሽ ሆናለች። ፊቷ ግን ጥቁር ነበር፣ የራሷ መልክ፤ ይህን ያህል ቀን ያለ ዱቄት ስትከርም የመጀመሪያዋ ነበር። ልትነሣ ስትል አባባ ትከሻዋን ይዞ መለሳት። ባርኔጣውን አውልቆ አልጋው አጠገብ ቆመ።

"ብርቄ፣ ይቅር በይኝ" አላት።

እሷ አፍራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ምነው ጌታዬ፣ እንዲህ አይበሉኝ። ለኔ ነውር ነው።"

"ይቅር በይኝ።"

ከዚያ ሲያስጨንቃት የቆየ ነገር እንደሆነ ያስታውቃል፣ ቀስ ብላ ጠየቀችው። "ወጡስ? የተረፈው ለሰው ተዳረሰ?"

እየቀለደች አልነበረም፤ እየወቀሰችው አልነበረም። ድስቱ ከእጇ መውደቁ እያሳሰባት ነበር የከረመችው። "ተዳርሷል" ያልኳት እኔ ነኝ። "እሰይ" አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ስንወጣ አባባ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ይዞ ቆመ፤ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ወፍጮ ቤቱ ተለወጠ። ወደ እንጦጦ በኩል ያለው ግድግዳ ፈርሶ ትልቅ መስኮት ወጣለት፤ ብናኙን የሚያወጣ የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ ተሠራለት። ሁለት ሠራተኛ ተቀጠረ፤ አንዷ ውስጥ ስትሆን ሌላዋ ውጭ ትመዝናለች፣ እኩለ ቀን ላይ ይለዋወጣሉ። አፋቸውን የሚሸፍኑበት ጨርቅ እናቴ ሰፋችላቸው። በጣሳ የመጣ እህል ቀድሞ ይፈጫል ተባለ። ትርፉ አነሰ፤ እናቴ አልፎ አልፎ ታጉረመርም ነበር። ብርቄ ከሆስፒታል ስትወጣ በራችን አጠገብ ያለችው፣ ጠዋት ፀሐይ የሚያገኛት ክፍል ተሰጠቻት። ደሞዟ አልተቋረጠም። ሥራዋ ፀሐይ መሞቅ ብቻ ሆነ፤ እሷ ግን አልቻለችበትም፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ እየሰበሰበች አፍንጫ ስትጠርግ ትውላለች።

በዓመቱ ኅዳር ቁስቋም መጣ። አባባ ድግስ አልደገሰም። ለድግስ የሚውለው ሁሉ መስኮቱና የብርቄ መድኃኒት ላይ ውሏል፤ ይህም ከድግስ ይሻላል ብሎ ልቡ ረክቶ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግን በሩ ላይ ነዳያኑ ቆመው ይጠብቁናል። ማንም አልነገራቸውም፤ ለምደው ነው የመጡት። አባባ ፊታቸው ቆሞ ዘንድሮ ለምን ድግስ እንደሌለ ማስረዳት ጀመረ። ስለ ወፍጮው ነገራቸው፣ ስለ መስኮቱ ነገራቸው፣ ስለ ታመመችው ሴት ነገራቸው። ጥሩ ንግግር ነበር። ከፊት የቆሙት አያ ደምሴ የሚባሉ ዓይነ ስውር ሽማግሌ እስከ መጨረሻው ሰሙትና፣

"ጌታው፣ ደግ አድርገሃል። ግን መስኮት አይበላም" አሉት።

ማንም አልሳቀም። አባባ ዞሮ በሩን ከፈተው። ቤት ውስጥ የነበረው የኛው የበዓል ምሳ ነው፤ እሱ ወጣ። ሽሮ ተጨመረበት፣ ጋሽ ሸምሱ ዳቦ በጆንያ አስይዞ መጣ። አልበቃም። አባባ ሳሎን አልገባም፤ ከአያ ደምሴ ጎን ሣር ላይ ተቀምጦ ከአንድ መሶብ በላ። ፎቶ አንሺም አልነበረም። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ በነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ሲጨነቅ ኖረ። ዛሬ የራበውን ሰው ዛሬ ማብላት አለብህ፤ ነገም እንዳይራብ ደግሞ ሌላ ሥራ መሥራት አለብህ፤ እጅህ ላይ ያለው ለሁለቱም አይበቃም። "ሀብት የሰጠኝ ጌታ ልኩን ደብቆብኛል" ይል ነበር።

ብርቄ ጥቂት ክረምቶች ቆይታ በአንዱ ሐምሌ ዝናብ ሲዘንብ በእንቅልፏ ሞተች። አባባ ከቁስቋም ደጀ ሰላም አጠገብ አስቀበራት፤ ሬሳዋን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ዘመን ተለወጠ፤ ወፍጮው ከእጃችን ወጣ፤ ግራጫው ሱፍ አርጅቶ ክርኑ ላይ ተጣፈ። አባባ ስለ ወፍጮው ሲያዝን አላየሁትም። እኔን ግን ነርስ እንድሆን ለመነኝ። "ሳል የሚሰማ ጆሮ ይኑርሽ" ነበር ያለኝ። "እኔ ያን ሁሉ ዓመት ሰምቼ አልሰማሁም።"

ነርስ ሆንኩ። ጥሩ ነርስ ነበርኩ፤ ይህን ያለ ትሕትና እናገራለሁ። ቁስል ማጠብ እጄ ያውቅበታል፤ ሕፃን ሳያለቅስ እወጋለሁ። መጀመሪያ በመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ ኋላ ደሞዝ ወደሚሻልበት የግል ክሊኒክ ተዛወርኩ። ክፉ አልሠራሁም። ልጆቼን አሳደግኩ፣ የአባቴን ቤት አደስኩ፣ አጥሩን አስረዘምኩ። ጡረታ ወጥቼ አሁን ጠዋት ጠዋት ቁስቋም እሳለማለሁ። ለተቸገረ እርዱ ሲባል ልጄ በስልኩ ይልክልኛል፤ ጣቴን እንኳ አላንቀሳቅስም፤ ፊትም አላይም፤ የምስጋና መልእክት ይመጣና አጠፋዋለሁ። ስለ ሀብታሙ ነዌ ሲሰበክ እሰማለሁ፤ አልዓዛርን መታው አይባልም፣ ሰደበው አይባልም። በበሩ ወጣ ገባ ማለቱ ብቻ ነው የሚነገረው። እኔም እወጣለሁ፣ እገባለሁ። መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ ታሪክ ሲነበብ ደግሞ ወንዶቹ ገንዘባቸውን እያሰቡ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ እኔ እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ እከታለሁ። የአባቴ ጥፋት አለማወቅ ነበረበት። እኔ ግን የሆነውን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የብርቄን ሳል ጀርባዋ ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ለኔ ምን ምክንያት ይገኝልኛል?

ዱቄቱ ከሸተተኝ በኋላ ባለው እሑድ ወደ ቁስቋም ስወጣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ዘነበች የምትባል ነዳይ ተቀምጣ ነበር። ስሟን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እዚያው ቦታ ላይ አያታለሁ፤ አንድ እግሯ በጨርቅና በፌስታል ተጠቅልሎ ወደ ፊት ተዘርግቶ ይታያል። ሳንቲም እጥልላታለሁ፣ "እመቤቴ ትከተልዎት" ትለኛለች፣ አልፋለሁ። ያን ቀን ግን ነፋሱ ወደኔ ነበርና የቁስሉ ጠረን መጣ። ያ ጠረን ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ቢታጠብ፣ በየቀኑ ቢታሰር፣ መድኃኒቱን ብታገኝ የሚድን ነው። ብዙ አልፌያት ከሄድኩ በኋላ ተመለስኩ። ጎንበስ ማለት ለጉልበቴ ከባድ ነው፤ ቀስ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ልጄ፣ እስቲ እግርሽን ልየው" አልኳት።

ቶሎ ብላ በቀሚሷ ሸፈነችው። "አይ እማማ፣ ይሸትዎታል። ይቅርብዎ።"

"ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ። ነርስ ነኝ።"

ቀና ብላ አየችኝ። ወጣት ናት፤ ይህን ያህል ወጣት መሆኗን አላስተዋልኩም ነበር። ነጠላዬን አየች፣ ጫማዬን አየች፣ ከዚያ ፊቴን አየች። ለመውቀስ አልነበረም፤ እውነት ግራ ገብቷት ነው የጠየቀችኝ።

"መቼ ነው ነርስ የሆኑት?"

ቅዳሴው ተጀምሮ ኖሮ የካህኑ ድምፅ ከላይ ይሰማል። ምእመናን በአጠገባችን ያልፋሉ፤ አንዳንዱ ሳንቲም ሲጥል ከኔ ጭን ላይ ያርፋል። "ድሮ ነው ልጄ" አልኳት። "በጣም ድሮ ነው።"

ቀሚሷን ሰብስባ እግሯን ወደኔ ገፋ አደረገችው። የፌስታሉ ቋጠሮ ጠብቆ ደርቋል፤ ላለመጉዳት በጥፍሬ ጫፍ ቀስ እያልኩ መፍታት ጀመርኩ።